ከካሜራው በስተግራ

«ልጅዎ በፊልሙ ውስጥ ቢሞት ይከፋዎታል?»

ፊልም ሠሪዋ ሔራን ይህን ስትጠይቃት አስካለማርያም በአንድ እጇ የሻይ ማንቆርቆሪያ፣ በሌላው እጇ ተደራርበው የተያዙ ኩባያዎች ይዛ በራፏ ላይ ቆማ ነበር። ሞት ፈቃድ ሲጠይቅ ሰምታ አታውቅም። ይከፋኛል ብትል ልጁ ቅር ሊለው ነው፤ አይከፋኝም ብትል ደግሞ ቃሉን ማን እንደሚሰማው አታውቅም። ልጇ ዘርአ ዳዊት ከሔራን ጀርባ ቆሞ በዓይኑ ይለምናታል። ያን ጊዜ ጢሙ ገና ማቀምቀም የጀመረ ጎረምሳ ነበር።

«ሻዩ ይቀዘቅዛል፤ ጠጡ» አለች በመጨረሻ።

ሔራን ይህንን እንደ እሺታ ወሰደችው።

ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት አልፏል። ዛሬ ቅዳሜ ማለዳ አስካለማርያም ነጭ ጋቢዋን ደርባ ከቤት ስትወጣ ያ ጥያቄ አብሯት ወጣ።

ባሏ መሪጌታ ወልደአረጋይ ጸሎታቸውን አድርሰው ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቋት ነበር። ከቆላው የሚነሳው ጉም ገደሉን ሞልቶ እስከ አጥሩ ደርሷል። ሰውየው ለወትሮው ድምፃቸው ከደብሩ ማዶ ይሰማል፤ ከሚስታቸው ጋር ስለ ልጃቸው ሲያወሩ ግን ቃላቸው ይሰልላል።

«እንግዲህ ሂጂና ፊልሙን እዪው» አሉ። «አልከለክልሽም። ስትመለሺ ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ካህናቱ ይጠይቁኛል። ፍትሐቱ ይደረግ ልበላቸው ወይስ ይቆይ?»

«መርዶ ሳይመጣ?»

«አምስት ዓመት ዝም ያለ ልጅ እሱ ራሱ መርዶ ነው፣ አስካለ።»

«ለእርስዎ ነው እንጂ።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው ግድግዳው ላይ አስደገፉት። «ለሕያው ሰው ፍትሐት እንደማይደረግ እኔም አውቃለሁ» አሉ። «ሞቶ ከሆነ ደግሞ ያለ ፍትሐት መቅረት አለ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው።»

«ማታ እነግርዎታለሁ» አለች።

ቁልቁል ወደ መኪናው ስትወርድ ሁልጊዜ ለራሷ የምትለውን አለች፦ በራፌ ላይ ማንም አልቆመም። በአገሩ ልማድ መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። ዘመድና ጎረቤት ሽማግሌ አስቀድሞ ከበሩ ላይ ይቆማል፤ የቤቱ ሰው ገና ምንም ሳይቀምስ፣ ገና ወደ ሥራው ሳይወጣ፣ ስሙ ተጠርቶ ይነገረዋል። በመንገድ ላይ አይነገርም፤ በገበያ አይነገርም፤ በስልክ የነገረ ሰው ለዘላለም ይታማል። በእሷ በር ላይ እንዲህ ሆነው የቆሙ ሰዎች የሉም። እነሱ እስኪቆሙ ድረስ ዘርአ ዳዊት የሆነ አገር የሆነ ሰው ቤት እንጀራውን እየበላ ነው።

ጓደኛዋ ጠይባ ሚኒባሱ ውስጥ ቦታ ይዛላት ነበር። ትናንት ከአልዩ አምባ ሽቅብ ወጥታ ጎረቤላ ከዘመዶቿ ቤት አድራለች። በጭኗ ላይ በፌስታል የጠቀለለችው ሦስት ፓፓያ አለ፤ ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ለሚሠራው ለልጇ ለያዕቁብ ነው።

«አንቺ ገና ሳይጀመር ፊትሽን አጠቆርሽው» አለች ጠይባ ፓፓያዎቹን ወደ ራሷ እየሰበሰበች። «ማፈር የሚገባኝስ እኔ ነኝ። ሕዝብ ፊት ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ደረቴን እየደቃሁ ሊያዩኝ ነው። ደግሞ የመሪጌታ ሚስት ሆኜ!»

«አንቺ አይደለሽ እሺ ያልሽው።»

«አንቺ እምቢ ስላልሽ ነዋ። ያቺ ልጅ እናት አጣሁ ብላ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ወላሂ አዝኜላት ነው።» ሳቅ አለች። «ስኳርም ሰጥታኛለች፤ አልዋሽም።»

ከፊት የተቀመጠው ሰውዬ ዘወር ብሎ፣ «የፊልም ሠሪ ነሽ እንዴ እትዬ?» አላት።

«አዎን። አልሰማህም? ስሜ ያልተሰማው ፊልሙ ስላልተሰማ ነው።»

ሰዎች ሳቁ። አስካለማርያምም ፈገግ አለች፤ ዓይኗ ግን ሾፌሩ ላይ ነበር። መንገዱ ሰላም መሆኑን ሳይነሱ ጠይቃዋለች፤ ከኩንዲ ተራራ ሥር ሲያልፉ ደግሞ ልትጠይቀው ፈልጋ ተወችው። በጅብራ ተክሎቹ መሐል የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ተበትኖ ሣር ይነጫል። ልጁ በሄደበት ቀንም እዚሁ ቦታ ላይ ነበሩ። እሷ እስከ ደብረ ብርሃን ሸኝታው ነበር፤ እሱ በመስኮቱ እያየ፣ «እነዚህስ የትም አይሄዱም» ብሏት ነበር።

ፊልሙ እንዲህ ነበር የተሠራው። ያኔ ወጣት የነበረችው ሔራን ከአዲስ አበባ መጥታ ሁለት ልጆችና አንድ አህያ እፈልጋለሁ አለች። አንደኛው የደጋ፣ ሌላው የቆላ ልጅ ሆነው በአንዲት አህያ ከአንኮበር ገብስ እየጫኑ አልዩ አምባ ገበያ ይወርዳሉ፤ አንድ ቀን የደጋው ልጅ ከገደል ወድቆ ይሞታል። ዘርአ ዳዊትና ያዕቁብ ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው ስለነበሩ ማስመሰል አላስፈለጋቸውም። ፊልሙ «ብርድና ወበቅ» ተባለ። የለቅሶው ክፍል ሲደርስ አስካለማርያም እናት ሆና እንድታለቅስ ተለመነች። ለቆመ ልጅ ማልቀስ ሟርት ነው ብላ ቤቷን ዘግታ ተቀመጠች። ያኔ ሔራን በበሩ ቀዳዳ፣ «እሺ፣ ልብሱን ብቻ ይስጡን፤ ለቅሶው ላይ የሚዘረጋ» አለቻት።

አስካለማርያም የልጇን ጋቢ ከሳጥን አወጣች፤ አሽታ መልሳ አስቀመጠችው። በምትኩ የራሷን ሰጠች። ሞት ልብስ አይቶ የሚከተል ከሆነ የእኔን አይቶ ይምጣ ብላ ነው። ይህንን ለማንም አልተናገረችም። ዛሬ የደረበችው ያንኑ ጋቢ ነው።

«ያዕቁብ ይመጣል?» ብላ ጠየቀች።

«ለምኜዋለሁ። የመጣ እንደሆነ ነው።» ጠይባ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንቺ ባለሽበት መምጣት አይወድም። ምን እንዳደረግሽው እንጃ። ከስደት ከተመለሰ ወዲህ አንድ ቀን ነው ቤትሽ የመጣው አይደል?»

«አንድ ቀን ነው። ቂንጬ አብልቼዋለሁ።»

«ቂንጬሽ ሳይጥመው ቀርቶ ይሆናላ።»

ሁለቱ ልጆች አብረው ነበር የወጡት፤ በጅቡቲ አድርገው ባሕሩን ሊሻገሩ። ያዕቁብ ከሁለት ዓመት በኋላ ከስቶ ተመለሰ። «ጅቡቲ ላይ ተለያየን» አላት። አስካለማርያም በዚያ ቃል ትኖራለች። የተለያየ ሰው ይገናኛል።

ማንበብ የተማረችውም በዚያ ምክንያት ነው። ልጇ በሄደ ሰሞን ከጅቡቲ አጭር መልእክት ይልክ ነበር። ጽሑፉን የሚያነቡላት መሪጌታ ነበሩ፤ «እማ ደህና ነኝ አታስቢ» የምትለውን እንደ ድርሳን ሳቡባት፣ በዜማ ልትጠፋ ደረሰች። የልጇ ድምፅ ከመልእክቷ ውስጥ ጠፋ። በማግስቱ አስካለማርያም ለጎልማሶች ትምህርት ተመዘገበች። በስተርጅና ፊደል ቆጠረች፤ መምህሯ ሠናይት፣ «እማማ አይቸኩሉ፤ ፊደሉ አይሮጥም» እያለች ታረጋጋት ነበር። ማንበብ ስትችል የሚነበብ መልእክት አልመጣም። የሱቅ ስም ታነባለች፤ የመድኃኒት ካርቶን ታነባለች፤ ያቺን የቀረችውን አንድ መልእክት ታነባለች።

ደብረ ብርሃን ሲደርሱ ነፋሱ የላስቲክ ቁራጭ በአስፋልቱ ላይ ያንከባልል ነበር። በባጃጅ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ወዳለ አንድ አዳራሽ ሄዱ። በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። አስካለማርያም ቆማ በጣቷ እየተከተለች አነበበች፤ «ብዙ ሰው ያላያቸው ፊልሞች። ቅዳሜ በስምንት ሰዓት።» ከሥሩ በትልቁ፣ «ብርድና ወበቅ።»

ከኋላዋ የቆሙ ሁለት ተማሪዎች እስክትጨርስ ጠበቁ።

«ዛሬ ደግሞ ምን ዓይነት ነው?» አለ አንዱ።

«ሁለት ልጆችና አንድ አህያ ያሉበት ነው አሉ።»

«ተኩስ አለው?»

«አህያዋ ካልተኮሰች።»

ሔራን ከውስጥ ወጥታ አስካለማርያምን ስማ ስማ አልጠግብ አለች። ፀጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል። ባለፈው ወር እስከ ጎረቤላ መጥታ የጋበዘቻት እሷው ናት። በየሳምንቱ ቅዳሜ ይህን አዳራሽ እየተከራየች፣ ሲኒማ ቤት የማይወስዳቸውን፣ ወስዶም በሳምንቱ ያወረዳቸውን ፊልሞች ታሳያለች። የሷም ከእነሱ አንዱ ነው።

«ሰው ይመጣል?» አለች ጠይባ ወንበሮቹን እያየች።

«ባለፈው ሳምንት ያሳየሁት አንድ ሰዓት ጠጋኝ ሽማግሌ ከሰዓቶቹ ጋር ሲያወራ ነው። አሥራ ሁለት ሰው መጣ። ሁለቱ እንቅልፍ ወሰዳቸው።»

«ታዲያ ለምን ትለፊያለሽ?»

«ያልተኙት አሥሩስ?» አለች ሔራን። ከዚያ አስካለማርያምን በእጇ ይዛ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጠቻት። «እማማ፣ መጨረሻው ላይ አንድ ስሕተት አለ። ሁሉም አውጪው ብለውኝ ነበር። አላወጣሁትም። ሲደርስ ያውቁታል።»

አዳራሹ ገሚሱ ሞላ፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ናቸው። ያዕቁብ መብራት ሊጠፋ ሲል ገባ። ሰማያዊ የፋብሪካ ካፖርት ለብሷል። እናቱን ጭንቅላቷ ላይ ሳማት፤ ለአስካለማርያም ጎንበስ ብሎ፣ «ደህና ዋሉ፣ እትዬ» አላት። ዓይኗን አላያትም። ከጎናቸው ባዶ ወንበር እያለ አንድ ረድፍ ወደ ፊት አልፎ ዳር ላይ ተቀመጠ። ጠይባ ፓፓያውን ይዛ ቀረች።

ጨለመ።

በመጀመሪያ ድምፅ ብቻ ነበር፤ የአህያ ኮቴ በድንጋይ ላይ። ቀጥሎ ጉም። ከጉሙ ውስጥ አንድ ልጅ ገመድ በጥርሱ ነክሶ ጭነት ሲያጠብቅ ታየ። አስካለማርያም አስቀድማ ያወቀችው ጀርባውን ነው። ቀጥላ ግራ ተጋባች፤ ልጅ ነበር። በእነዚህ ዓመታት በልቧ ስታሳድገው ኖራለች፤ ትከሻውን አስፍታለች፣ ጢም አብቅላለታለች፣ በባዕድ አገር የዐረብ ቀሚስ አልብሳዋለች። ይህ ግን አንገቱ ቀጭን የሆነ፣ አፍንጫው በብርድ የቀላ ልጅ ነው። ገመዱን ከጥርሱ አውጥቶ፣ «ያዕቁብ፣ ሳበው እንጂ፣ ታቅፈኸዋል እኮ!» አለ።

ድምፁ። ድምፁን ረስታው ነበር። አስታውሰዋለሁ ስትል የኖረችው ሌላ ድምፅ ነው።

ፊልሙ አይቸኩልም። ልጆቹ ይወርዳሉ፤ ሲወርዱ ልብስ ያወልቃሉ። ሲመለሱ መልሰው ይለብሳሉ። አንዴ ስለ አህያዋ ስም ይጣላሉ፤ አንዴ ምንጭ ዳር ተኝተው ስለ ባሕር ያወራሉ። «ባሕር ጨው ነው አሉ» ይላል በፊልሙ ውስጥ ያለው ያዕቁብ። «እና ምን አለበት፣ ገብስ ይዘን እንሂድ» ይላል ዘርአ ዳዊት። ይህን ሔራን አልጻፈችላቸውም፤ ልጆቹ ራሳቸው ያሉትን ነው የቀረጸችው። አስካለማርያም ከፊቷ የተቀመጠው ሰማያዊ ካፖርት ሲንቀሳቀስ አየች።

ከኋላ ወንበር ተንቋቋ። ሁለት ሦስት ተማሪዎች ጎንበስ ብለው ወጡ። በሩ ሲከፈት ብርሃን መጋረጃው ላይ ወድቆ የልጇን ፊት ለአፍታ አጠፋው፤ በሩ ሲዘጋ መለሰው። ጥቂት ቆይቶ ሌሎች ወጡ። አንዱ፣ «ኧረ ምንም አይፈጠርም» ሲል ተሰማ። አስካለማርያም በሩ በተከፈተ ቁጥር ጋቢዋን ጥብቅ አድርጋ ትይዛለች፤ ብርሃኑ ፊቱን ሳይመልስ እንዳይቀር ትሰጋለች።

ገደሉ ላይ የሆነው አልታየም። አህያዋ ብቻዋን ስትመለስ ታየች፤ ጭነቷ ወደ አንድ ጎን አጋድሏል።

ከዚያ ለቅሶው መጣ። የደብሩ ሜዳ፣ የምታውቃቸው ሴቶች፣ መሐል ላይ የተዘረጋው ነጭ ጋቢ። ጥለቱን አወቀችው፤ አሁን በትከሻዋ ላይ ያለው ነው። የስክሪኗ ጠይባ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሴቶቹ ፊት ወጣች። አስካለማርያም ጎን ያለችው ጠይባ አፏን በእጇ ሸፍና፣ «አቤት ጉዴ» ብላ ልትስቅ ነበር፤ ሳቁ ሳይወጣ ተመለሰ። በስክሪኑ ላይ ያለችው ሴት ቀልድ አልነበረችም።

«ብርዱን ችሎ አድጎ ወበቁን ለምዶ፣
ምነው ልጄ ቀረ ገበያ ወርዶ።»

ሴቶቹ ተቀበሏት። ያን ቀን አስካለማርያም ቤቷን ዘግታ ጆሮዋን በጨርቅ ደፍናለች፤ ይህ ሙሾ ሰባት ዓመት ዘግይቶ ነው የደረሳት። ዓይኗን ከጋቢው ላይ ለመንቀል ወደ ጎን ዞር አለች። ያዕቁብን ያየችው ያኔ ነው።

ያዕቁብ ፊልሙን እያየ አልነበረም። አንገቱን ደፍቷል። የስክሪኑ ብርሃን በጉንጩ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል ይወርዳል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ሙሾው ለአፍታ ሲረግብ በሹክሹክታ የሚለው ተሰማት።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።»

አስካለማርያም ይህን ቃል ታውቀዋለች። የጠይባ አባት ሲሞቱ፣ ወንድሟ ሲሞት፣ አልዩ አምባ ወርዳ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች። ለጨዋታ የሚባል ቃል አይደለም። ሞት ሲነገር የሚባል ነው። ጠይባም ሰምታዋለች፤ እጇ ፌስታሉ ላይ ቀጥ አለ።

በዚያች ቅጽበት አስካለማርያም ከሦስት ዓመት በፊት ያዕቁብ ቤቷ የመጣበትን ሰዓት አስታወሰች። ረስታው አልነበረም፤ እንዳታየው ዞራ ቆማ ነበር እንጂ። ጎህ እየቀደደ ነበር። በሩን ስትከፍት ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ እጁን አጣምሮ ቆሞ አገኘችው። ብቻውን ነበር። መርዶ ብቻውን ይዞ የሚመጣ የለም፤ ልጁ ግን ሽማግሌ መያዝ እንዳለበት የሚነግረው አልነበረውም፤ እናቱ እንኳ የሆነውን አታውቅም። «እማ አስካለ» ብሎ ጀመረ። እሷ አላስጨረሰችውም። እጁን ይዛ አስገባችው፤ እሳት አያያዘች፣ ቂንጬ ጣደች፤ እየጠየቀች ራሷ እየመለሰች አወራች። «ደህና ነው አይደል? ሥራ አግኝቶ ነው። ስልኩን ወስደውበት ይሆናል። ተለያያችሁ አይደል?» ልጁ ሳህኑን በሁለት እጁ ይዞ አቀረቀረ።

«አዎን» አላት። «ጅቡቲ ላይ ተለያየን።»

በሯ ላይ ሰው ቆሞ ነበር። እሷ ናት ያጎረሰችው።

ሙሾው አበቃ። ተጨማሪ ሰዎች ወጡ፤ ፊልሙ ያለቀ መስሏቸው። አላለቀም። ስክሪኑ ላይ ዳግም ጉም መጣ፤ የመጀመሪያው ጉም። ልጁ ሳይሞት በፊት ያለ አንድ ማለዳ ነው። ዘርአ ዳዊት አህያዋን እየነዳ ሽቅብ ይወጣል፤ ጀርባው እያነሰ ይሄዳል። ሊጠፋ ሲል ቆመ። ዞረ።

ካሜራውን አላየም። ከካሜራው በስተግራ አየ፤ እዚያ የቆመ ሰው ያየ ይመስል ፊቱ ፈካ፣ ጥርሱ ታየ፣ ቅንድቡን ከፍ አደረገ። ከዚያ አለማየት እንደነበረበት ትዝ ሲለው አፍሮ አንገቱን ሰበረና ሄደ።

ስሕተቱ ይህ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ አውጪው የተባለችው።

አስካለማርያም ያንን ማለዳ ታውቀዋለች። ብርድ ነበር፤ የፊልሙ ሰዎች እጃቸው ደንዝዞ ነበር። ሻይ አፍልታ ወጣች። ዝም በይ ስለተባለች ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆመች፤ ከካሜራው በስተግራ።

ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጫጭ ስሞች ከታች ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። ተዘጋጅታ ነበር፤ ለዚህ ነበር የመጣችው፤ ስሙን ራሷ ልታነብ። ፊደሎቹ ግን ሠናይት እንዳለችው አልነበሩም፤ ይሮጣሉ። ጣቷን በአየር ላይ ዘርግታ ተከተለቻቸው። «ዘ» አለች፤ «ር»፤ «አ»። «ዳዊት» ከማለቷ በፊት ስሙ ከላይኛው ጠርዝ አልፎ ሄደ።

ሔራን መብራቱን አላበራችም።

ያዕቁብ ተነሥቶ መጥቶ በወንበሮቹ መሐል፣ ከአስካለማርያም እግር ሥር በርከክ አለ። የፋብሪካው ካፖርት የሱፍ ብናኝ ይዟል። አፉን ከፈተ።

«እዚህ አትናገር» አለችው። ድምጿ የራሷ አልመሰላትም። «እዚህ አይነገርም።»

«እሺ።»

ከውጭ ባጃጅ ሲያልፍ ተሰማ። ጠይባ ፌስታሉን ለቃ የልጇን ትከሻ ያዘች፤ አንዱ ፓፓያ በወለሉ ላይ ተንከባለለ፤ ማንም አላነሳውም።

«እማ አስካለ» አለ ያዕቁብ። ከዚያ ማለዳ ወዲህ እንዲህ ብሎ ጠርቷት አያውቅም። «ነገ ጎህ ሲቀድ ልምጣ?»

 ማታ የሚጠብቋትን መሪጌታን አሰበች፤ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው የመኪናውን ድምፅ ሲያዳምጡ። ምንም አልነግራቸውም፤ በሩን ቀድሜ አልከፍትም፤ ሲጠሩኝ እወጣለሁ፤ አብረን እንሰማለን አለች በልቧ። ቂንጬም አልጥድም።

«ብቻህን አትምጣ» አለችው። «ያን ጊዜ ብቻህን ነበርክ፤ አሳዘንከኝ። ሽማግሌ ይዘህ ና። እናትህን ይዘህ ና።»

ልጁ ግንባሩን በጉልበቷ ላይ አስደገፈ። እሷ የጋቢዋን ጫፍ አንሥታ ጀርባው ላይ ጣለችበት፤ አዳራሹ ብርድ ነበር።

ሔራን ከግድግዳው አጠገብ ቆማለች። የሆነው ግማሹ ብቻ ነው የገባት፤ መቅረብም መራቅም አቅቷታል። አስካለማርያም ቀና ብላ አየቻት።

«ያን ጊዜ የጠየቅሽኝ» አለቻት፤ «በራፌ ላይ።»

«አዎን፣ እማማ።»

«ይከፋኛል።»

ሔራን መለስ ብላ የመብራቱን ማብሪያ ዳበሰች። አምፖሎቹ አንድ በአንድ በሩ። ወንበሮቹ ወደ በሩ አቅጣጫ ዘንበል ዘንበል ብለው ቀርተዋል። ተማሪዎቹ ወጥተዋል። ስለ ተኩስ የጠየቀው ልጅ ብቻ ከመጨረሻው ረድፍ ላይ እጁን በጭኖቹ መሐል አድርጎ ተቀምጧል። ሔራን አለች። ጠይባ አለች። ያዕቁብ አለ። አስካለማርያም አለች። ዘርአ ዳዊት ሄዷል።